መርማሪው ሲመጣ ክሩ ለምን ያንሳል?

በኮምፒዩተር ፕሮግራም ሥራ የተሰማሩ ሰዎች የለመዱት አንድ ነገር አለ። ፕሮግራሙ ብዙ ሥራ በአንድ ጊዜ ሲሠራ እንዳይሰናከል ለማረጋገጥ የጫና ፈተና ያዘጋጁለታል፤ ይኸውም መቶም ሁለት መቶም ትሬድ አስነሥተው፣ ሁሉም በአንድነት በአንዱ መዝገብ ላይ እንዲረባረቡ በማድረግ ነው። ፈተናው በተራው ቀን በሁለትና በሦስት ሴኮንድ ያልቃል። የሜሞሪ ስሕተት የሚፈልግ መርማሪ መሣሪያ ሲጫንበት ግን ይንቀራፈፋል፤ አንዳንዴም ሜሞሪው አልቆ መካከል ላይ ይወድቃል። ያን ጊዜ ፕሮግራመሩ ወደ ፈተናው ጽሑፍ ተመልሶ አንዲት መሥመር ይጨምራል፤ «መርማሪው ካለ መቶው ቀርቶ አራት ይሁን» የምትል መሥመር። ፈተናው ያልፋል፤ ሁሉም ደስ ብሎት ወደ ሌላ ሥራው ይሄዳል።

ስለዚህች መሥመር መጻፍ ለምን አስፈለገ ቢሉ፣ በታላላቅ ፕሮግራሞች ፈተና ውስጥ ሳይቀር ስለምትገኝና ቆም ብሎ የሚጠይቃት ሰው ጥቂት ስለሆነ ነው። የትሬድን ቁጥር መቀነስ በራሱ ጥፋት ነው የሚል አሳብ የለኝም፤ ወደ ታች እንደሚታየው አንዳንድ ጊዜ የተቀነሰው ፈተና ካልተቀነሰው ይልቅ ብዙ ስሕተት ያገኛል። የምነቅፈው፣ መርማሪዎቹ በአሠራር የሰማይና የምድር ያህል ተለያይተው ሳሉ ለሁሉም አንድ ቁጥር መስጠትን ነው። ቁጥሩ ለምን አራት ሆነ፣ ለምን ስምንት አልሆነም ለሚለውም ምክንያት አይጻፍም። ከሁሉ የሚብሰው ደግሞ የተቀነሰው ፈተና የቀድሞ ስሙን እንደ ያዘ «አልፏል» መባሉ ነው።

ትሬድ ማለት በእንግሊዝኛ ክር ማለት ስለሆነ ከዚህ በኋላ ክር እያልሁ እቀጥላለሁ፤ የምጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። አባቶቻችን ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይላሉ። በዚህ ሙያ ግን ድሩ ሲያብር አስቀድሞ የሚያስረው ራሱን ነው። በአንድ ባንክ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ የሒሳብ መዝገብ ላይ ይሠራሉ እንበል። ሒሳቡ 100 ብር ነው። አንደኛው 20 ብር ገቢ ሊጽፍ መዝገቡን ያያል፤ ሁለተኛውም 30 ብር ገቢ ሊጽፍ በዚያው ቅጽበት ያያል። ሁለቱም ያዩት 100 ነው። የመጀመሪያው 120 ብሎ ይጽፋል፤ ሁለተኛው ደግሞ 130 ብሎ በላዩ ይጽፍበታል። 150 መሆን የነበረበት ሒሳብ 130 ሆኖ ቀረ፤ 20 ብር የገባበት ጠፋ። ይህ እሽቅድምድም ይባላል። ከዚህ የከፋም አለ፤ አንዱ ክር የጨረሰበትን የሜሞሪ ቦታ ሲመልስ ሌላው ክር ገና እያነበበው ይገኛል። ቤቱ ለአዲስ ተከራይ ከተሰጠ በኋላ የቀድሞው ተከራይ በአሮጌ ቁልፉ ከፍቶ እንደ መግባት ማለት ነው። የጫና ፈተናና የሜሞሪ መርማሪ የሚገናኙት እዚህ ላይ ነው። ስሕተቱን የሚወልደው የክሮች መጋፋት ነው፤ ስሕተቱን የሚያየው መርማሪው ነው። ስለዚህ ክሩን የሚቀንስ ሰው የሚቀንሰው የመርማሪውን ድካም ብቻ ሳይሆን የሚመረመረውንም ነገር ነው።

ከመርማሪዎቹ መካከል ስሙ የገነነው ቫልግሪንድ ነው። ጁልያን ሲዋርድ የጀመረው ሲሆን የመጀመሪያው ሙሉ እትም በ2002 ወጣ። በሰሜን አውሮፓ ጥንታዊ ተረት ቫልግሪንድ የጀግኖች አዳራሽ የቫልሃላ ዋና በር ስም ነው፤ ጠባቂዎቹ የፈቀዱለት ብቻ ያልፍበታል። ስሙ ከግብሩ ገጥሟል። ቫልግሪንድ የፕሮግራሙን የመኪና ትእዛዝ አንድ በአንድ እየተረጐመ ያስኬዳል፤ ሜምቼክ የተባለው ክፍሉም ለእያንዳንዱ የሜሞሪ ቢት «ይህ ዋጋ ተሰጥቶታል ወይስ አልተሰጠውም» የሚል የጥላ ምልክት ይይዛል። ከዚህ ጥንቃቄ የተነሣ ፕሮግራሙ ከ10 እስከ 50 ጊዜ እጥፍ ይዘገያል። ለክርክራችን ዋናው ነገር ግን መዘግየቱ አይደለም። ዋናው፣ መቶ ክር ቢሰጡት በአንድ ጊዜ የሚያስኬደው አንዱን ብቻ መሆኑ ነው። ኮምፒዩተሩ ስምንት ፕሮሰሰር ቢኖረው ሰባቱ እጃቸውን አጣጥፈው ይቀመጣሉ። በሩ ጠባብ ስለሆነ ሁሉም በተራ ያልፋል፤ ተረኛውም 100,000 የትእዛዝ ቁራጮች እስኪሠራ ወይም ራሱ እስኪቆም ድረስ ተራውን ይዞ ይቆያል።

እንግዲህ ስሌቱን እንመልከት። ስምንቱን ፕሮሰሰር አሟጥጦ በ2 ሴኮንድ የሚያልቅ ፈተና በቫልግሪንድ ሥር 30 ጊዜ ቢዘገይ 60 ሴኮንድ ይሆናል፤ ስምንቱ ወደ አንድ ስለ ወረዱ ደግሞ በስምንት ሲባዛ 480 ሴኮንድ፣ ማለት 8 ደቂቃ ይደርሳል። ይህስ ይሁን፤ ሰው ቡና ጠጥቶ ይመለሳል። ነገሩ የሚከፋው ክሮቹ «ቁልፉ ተፈታ? ቁልፉ ተፈታ?» እያሉ ያለ ዕረፍት የሚጠይቁ ዐይነት ሲሆኑ ነው። ቁልፉን የያዘው ክር ተራው አልቆ ከበሩ ውጭ ቆሟል እንበል። የቀሩት 99 ክሮች እያንዳንዳቸው ተራ ሲደርሳቸው ሙሉውን 100,000 ቁራጭ በጥያቄ ብቻ ያቃጥሉታል። ተራው እኩል ቢታደል እንኳ ባለ ቁልፉ እስኪመለስ 9,900,000 ቁራጭ ያህል ከንቱ ሥራ ይሠራል። በተለመደው አሠራሩ ደግሞ ተራው እኩል እንዲታደል ቫልግሪንድ ዋስ አይሆንም፤ በሩን የለቀቀው ክር ዞር ብሎ መልሶ ሊይዘው ይችላል። እኩል እንዲታደል የሚያደርግ ለብቻው የሚታዘዝ አማራጭ አለው፤ ብዙ ሰው ግን አያዝዘውም። ስለዚህ በቫልግሪንድ ሥር ከመቶ ወደ አራት የወረደ ፈተና በሃያ አምስት እጥፍ ብቻ አይደለም የሚፈጥነው፤ ከዚያ እጅግ ይበልጣል። እዚህ ላይ ቅነሳው ትክክል ነው፤ ምክንያቱ ግን «መሣሪያው ዘገምተኛ ነው» የሚለው ደርዘኛ መልስ ሳይሆን የተራው ሥርዓት ነው። ይህን የተረዳ ሰው ክሩን ከመቀነስ ይልቅ ያለ ዕረፍት የሚጠይቀውን ክር ተኝቶ እንዲጠብቅ ሊያደርገው ይችል ነበር፤ ያን ጊዜ አራቱ ሃያ መሆን ይችላሉ።

ሌላም ወሰን አለ። ቫልግሪንድ ካልታዘዘ በቀር ከ500 ክር በላይ አይቀበልም፤ ለእያንዳንዱም ለራሱ ሥራ 1 ሜጋባይት የሚሆን ስታክ ይይዛል። 600 ክር የሚያስነሣ ፈተና እዚያ ሲወድቅ የወደቀው ፕሮግራሙ አይደለም። ይህን ለይቶ የማያውቅ ሰው ግን ፕሮግራሙን ይጠረጥራል፤ ወይም ከዚህ የባሰ፣ ፈተናውን ጨርሶ ይዘጋዋል።

አሁን ወደ ሁለተኛው መርማሪ እንሻገር። አድሬስ ሳኒታይዘር የተባለውን አራት የጉግል መሐንዲሶች በ2012 በታተመ ጽሑፍ አስተዋወቁት። ይህ ፕሮግራሙን እየተረጐመ አያስኬድም፤ ኮምፓይለሩ ገና ፕሮግራሙን ሲሠራ በየንባቡና በየጽሕፈቱ ፊት ትንሽ ጠባቂ ያቆማል። ለየ8 ባይት ሜሞሪም 1 ባይት የጥላ ሜሞሪ ይመድባል። በጽሑፉ እንደ ተመዘገበው አማካይ መዘግየቱ 73 በመቶ፣ የሜሞሪው ፍጆታ ደግሞ 3.4 እጥፍ ነው። ክሮቹም እንደ ወትሮው በስምንቱ ፕሮሰሰር ላይ ባንድነት ይሮጣሉ። እንግዲህ በቫልግሪንድ ሥር ክር ለመቀነስ የተሰጠው ምክንያት ሁሉ እዚህ ላይ አይሠራም። እዚህ የሚያንሰው ጊዜ አይደለም፤ ሜሞሪ ነው። ይህ ሆኖ ሳለ በብዙ ፈተናዎች ውስጥ «ቫልግሪንድ ከሆነ ወይም ሳኒታይዘር ከሆነ» ተብሎ ሁለቱ በአንድ ቅንፍ ታስረው አንድ ቁጥር ይሰጣቸዋል። ወባ የታመመውንና እግሩ የተሰበረውን በአንድ መድኃኒት እንደ ማከም ያለ ነው።

ሜሞሪ ካነሰ ደግሞ መለየት ያለበት ሌላ ነገር አለ፤ በጠቅላላው የሚነሡት ክሮችና በአንድ ጊዜ በሕይወት ያሉት ክሮች አንድ አይደሉም። በሊኑክስ ላይ እያንዳንዱ ክር በተለመደው ልክ 8 ሜጋባይት የስታክ ቦታ ይከለልለታል። በ32 ቢቱ ዘመን ለፕሮግራሙ የሚተርፈው አድራሻ 3 ጊጋባይት ያህል ስለ ነበር፣ ሌላ ምንም ባይኖር እንኳ ከ384 ክር በኋላ ቦታው ያልቅ ነበር። በ64 ቢት ኮምፒዩተር ይህ ወሰን የለም፤ የተከለለው ቦታም እስኪነካ ድረስ እውነተኛ ሜሞሪ አይወስድም። መርማሪው ግን በየክሩ የራሱን መዝገብ፣ የራሱን መሸጎጫና የስሕተት ማሳደጃ ቦታ ስለሚጨምር ሸክሙ ይከብዳል። ሸክሙ የሚከብደው በሕይወት ባሉት ልክ ነው። አሥር አሥር እያሉ እየገቡና እየወጡ በጠቅላላው አንድ ሺህ ክር ማስነሣት ይቻላል፤ ይህም የክርን መወለድና መሞት በሚገባ ይፈትናል፤ የማይገቡ ስሕተቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸጉት በዚያው በመወለድና በመሞት መካከል ነው። ቁጥሩን በጭፍን ወደ አራት የሚያወርድ ሰው ሁለቱንም በአንድ ምት ይጥላቸዋል።

እዚህ ላይ ቅነሳን የሚደግፍ አንድ ነገር ልናገር፤ የቅነሳው ደጋፊዎች ራሳቸው ሲያነሡት ብዙ ጊዜ አልሰማሁም። አድሬስ ሳኒታይዘር ተመልሶ የመጣን የሜሞሪ ቁራጭ ወዲያው ለሌላ አይሰጥም፤ ለጊዜው በማግለያ ቦታ ያቆየዋል። የማግለያው መጠን በተለመደው ልክ 256 ሜጋባይት ነው። አሮጌ ቁልፍ ይዞ የሚመጣው ተከራይ የሚያዘው ቤቱ በማግለያው ውስጥ እያለ ከመጣ ብቻ ነው። መቶ ክር ባንድነት ሜሞሪ እየወሰደ ሲመልስ ማግለያው በፍጥነት ይሞላል፤ አሮጌው ቁራጭ ቶሎ ይወጣል፤ ለአዲስ ባለቤት ይሰጣል። ከዚያ በኋላ የሚመጣ ሌባ እንደ ባለቤት ይቆጠራል። በቫልግሪንድም እንዲሁ ነው፤ የእርሱ ማቆያ 20,000,000 ባይት ብቻ ስለሆነ ከሳኒታይዘሩ ይልቅ ቶሎ ይሞላል። እንግዲህ ክሩ ሲበዛ መርማሪው ይታወራል። ሲቀንስ ያያል። ይህ ጠንካራ ምክንያት ነው፤ በፈተናው ጽሑፍ አጠገብ በአንድ ዐረፍተ ነገር ቢጻፍ ኖሮ የሚቀጥለው አንባቢ ማግለያውን ማስፋት እንደሚችልም ባወቀ ነበር።

ሦስተኛው ዐይነት መርማሪ እሽቅድምድምን ራሱን የሚፈልገው ነው፤ ትሬድ ሳኒታይዘር ይባላል። ከ5 እስከ 15 እጥፍ ያዘገያል፤ ከ5 እስከ 10 እጥፍ ሜሞሪ ይበላል። ሌስሊ ላምፖርት በ1978 ባቀረበው «የትኛው ከየትኛው በፊት ሆነ» በሚለው አሳብ ላይ የቆመ ስለሆነ፣ ሁለቱ ጸሐፊዎች በእርግጥ እስኪጋጩ አይጠብቅም፤ ሁለቱ መዝገቡን በነኩበት መካከል የሚያስማማ ቁልፍ አለመኖሩን ካየ ይበቃዋል። ስለዚህ ጥቂት ክር እዚህ ላይ ጥቂት ኪሣራ ነው። በጎ የተባለው የፕሮግራም ቋንቋም ይኸንኑ መርማሪ ከ2013 ጀምሮ ይዟል። ጎሩቲን የሚሏቸው ቀላል ክሮች በመርማሪው ሥር በአንድ ጊዜ ከ8,128 በላይ በሕይወት ከኖሩ ፕሮግራሙ ያንኑ ተናግሮ ይሞት ነበር፤ በዚህም ምክንያት የጫና ፈተናዎች ቁጥራቸውን ከዚያ በታች አወረዱ። በ2022 በወጣው 1.19 በተባለው እትም ግን ከጥቂት መድረኮች በቀር ይህ ወሰን ተነሣ፤ የሜሞሪ ፍጆታውም በግማሽ ቀነሰ። ወሰኑ ተነሣ፤ በወሰኑ ምክንያት የተጻፈችው መሥመርስ? ምክንያቷና ዓመተ ምሕረቷ በአጠገቧ ካልተጻፈ ማንም ደፍሮ አይነሣባትም። ድልድዩ ከተሠራ በኋላ ወንዙን በዋና እንደ መሻገር ይሆናል።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መሣሪያዎቹ ነው። ዋናው ጥያቄ ግን ከክሩ ማነስ የተነሣ ስንት ስሕተት ያመልጣል የሚለው ነው። በዚህ ረገድ ሻን ሉና ባልደረቦቿ በ2008 ያቀረቡት ጥናት የሁሉም መነሻ ሊሆን ይገባል። ማይ ኤስ ኪው ኤል፣ አፓቺ፣ ሞዚላና ኦፕን ኦፊስ ከተባሉት ፕሮግራሞች በእውነት የተገኙ 105 የክር ስሕተቶችን መረመሩ፤ ከእነዚህም 96 በመቶዎቹ በሁለት ክሮች መካከል የተወሰነ ቅደም ተከተል ቢጠበቅ ያለ ጥርጥር እንደሚገለጡ አሳዩ። የቅነሳ ወዳጆች ይህን ሲሰሙ እጃቸውን ያጨበጭባሉ፤ ሁለት ክር ከበቃ መቶ ለምን አስፈለገ? ይህ ግን ዐረፍተ ነገሩን ከመካከል ቈርጦ ማንበብ ነው። «ቅደም ተከተሉ ቢጠበቅ» የሚለው ቃል የክርክሩ ምሰሶ ነው። የጫና ፈተና ቅደም ተከተልን አይጠብቅም። ዕጣ ነው የሚጥለው። መቶ ክር የሚያስነሣው ሰው ስሕተቱ መቶ ክር ስለሚፈልግ ሳይሆን ብዙ ዕጣ ለመግዛት ብሎ ነው። ዕጣውን ከመቶ ወደ አራት ያወረደ ሰው በጎደለው ምትክ ሥርዓት ማምጣት አለበት።

ይህ ሥርዓት ምን እንደሚመስል በ2010 በርክሃርትና ባልደረቦቹ አሳይተዋል። ክሮቹ በዘፈቀደ የበላይነት ማዕረግ ተሰጥቷቸው በተወሰኑ ቦታዎች ላይ ማዕረጋቸው ቢለወጥ፣ ሁለት የቅደም ተከተል ሁኔታ የሚጠይቅ ስሕተት በአንድ ሩጫ የመገለጥ ዕድሉ ቢያንስ አንድ ሲካፈል ለክሮች ብዛት በእርምጃዎች ብዛት ተባዝቶ ነው። አንድ ክር 2,500 እርምጃ ይሄዳል እንበል። አራት ክር 10,000 እርምጃ ነው፤ ዕድሉ ቢያንስ ከ40,000 አንድ ይሆናል። መቶ ክር 250,000 እርምጃ ነው፤ ዕድሉ ከ25,000,000 አንድ፣ ማለት 625 ጊዜ ያነሰ። በእርግጥ ክሩ ሲበዛ ሊጋጩ የሚችሉ ጥንዶችም ይበዛሉ፤ በአራት ክር 6 ጥንድ፣ በመቶ ክር 4,950 ጥንድ አለ፤ ይህም 825 እጥፍ ነው። ሁለቱ ከሞላ ጎደል ይቻቻላሉ። ነገር ግን የመቶው ሩጫ ሥራ የአራቱን ሩጫ 25 ጊዜ ያህላል። እንግዲህ በዚያው ድካም አራቱን 25 ጊዜ መደጋገም ይሻላል ማለት ነው። ይህ የእኔ ሻካራ ግምት ነው፤ የተሰጠው ዕድል ትንሹ ወሰን እንጂ ትክክለኛው መጠን ስላልሆነ እንደ ማረጋገጫ አይቈጠር። ነገሩ ወዴት እንደሚያዘነብል ግን ያሳያል። አሁን በተግባር የሚደረገውን ስናይ፣ ክሩ ከመቶ ወደ አራት ይወርዳል፤ ድግግሞሹም ከሺህ ወደ ሃምሳ ይወርዳል፤ አራቱ ክሮች በአንድ መሥመር ቆመው ባንድነት እንዲነሡ እንኳ አይደረግም። በቫልግሪንድ ጠባብ በር ላይ ደግሞ የመጀመሪያው ክር አጭር ሥራውን በአንድ ተራ ጨርሶ ሲወጣ ሁለተኛው ገና አልተወለደም። ይህ የጫና ፈተና አይደለም፤ ሰልፍ ነው።

የቀሩት በመቶ አራቱስ? ቁጥርን ራሱን የሚፈልግ ስሕተት አለ። በዊንዶውስ ላይ ብዙ ክሮችን በአንድ ጥሪ መጠበቅ የሚቻለው እስከ 64 ድረስ ነው። ይህን የተማረ ፕሮግራመር 64 ቦታ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጀ እንበል፤ 65ኛውን ክር የሚከለክል ፍተሻ ግን ረሳ። 65ኛው ክር ሲመጣ ስሙን ከሠንጠረዡ ውጭ፣ በጎረቤቱ መሬት ላይ ይጽፋል። በተራው ሩጫ ይህ ስሕተት ዝም ብሎ ሊያልፍ ይችላል፤ በጎረቤቱ መሬት ላይ ያን ቀን ምንም ካልተዘራ ጉዳቱ አይታይም። ፈተናው መቶ ክር አስነሥቶ «አልፏል» ይላል። ይህን ለማየት የተፈጠረው የሜሞሪ መርማሪው ነው፤ ወሰን አልፎ የተጻፈን አንድ ባይት እንኳ ሊይዝ ይችላል። ግን መርማሪው ሲመጣ ክሮቹ አራት ሆነዋል! ስሕተቱ ባለበት ሩጫ ዐይን የለም፤ ዐይን ባለበት ሩጫ ስሕተቱ የለም። ሁለት ፈተና ሮጧል፤ ሁለቱም አልፈዋል፤ ሁለቱም እውነት ተናግረዋል፤ ስሕተቱ ግን በመካከላቸው ቁጭ ብሏል። የቅነሳን ልማድ በጥብቅ የምነቅፈው በዚህ ምክንያት ነው። መድኃኒቱም አስቸጋሪ አይደለም፤ ክሩ ወደ አምስት ሲወርድ ሠንጠረዡም ወደ አራት ይውረድ። ሕዝቡን ቀንሰው አዳራሹን እንደ ነበረ የሚተዉ ሰዎች የመጨናነቅን ፈተና አፍርሰውታል።

አንዳንድ ሰው «ይህ ሁሉ ስለ አንዲት መሥመር?» ይል ይሆናል። ለመሣሪያ ተብሎ የተነካ መሥመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል ግን ዴብያን በተባለው የሊኑክስ ዐይነት ላይ ታይቷል። በ2006 ቫልግሪንድና ፑሪፋይ የተባሉት መርማሪዎች ኦፕን ኤስ ኤስ ኤል ላይ «ዋጋ ያልተሰጠው ሜሞሪ» እያሉ ስለ ጮሁ፣ ጩኸቱን ለማስቆም ሲባል መሥመሮች ከሥራ ውጭ ተደረጉ። ከእነርሱ አንዷ የምስጢር ቁልፍ የሚፈጠርበትን የዘፈቀደ ቁጥር የምትመግበው ነበረች። እስከ ግንቦት 2008 ድረስ በዚያ ሥርዓት የተፈጠሩ ቁልፎች ዘፈቀዳቸው ከ32,768 በማይበልጥ የሂደት መለያ ቁጥር ላይ ብቻ የቆመ ሆነ። ይህ ፕሮግራሙን መንካት ነው፤ የእኛው ፈተናውን መንካት ነው፤ ልዩነቱን አልክድም። በሁለቱም ግን መርማሪው ዝም አለ፤ ዝምታውም እንደ ጤና ተቈጠረ።

ጉዳዩ በላቦራቶሪ ውስጥ ብቻ እንደማይቀር ለማሳየት ደግሞ ነሐሴ 14 ቀን 2003 በሰሜን አሜሪካ የሆነውን ማንሣት ይበቃል። በአሜሪካና በካናዳ 50 ሚሊዮን ያህል ሰው መብራት የጠፋበት ዕለት ነው። ከምክንያቶቹ አንዱ በኦሃዮ የነበረው የመቆጣጠሪያ ክፍል የማስጠንቀቂያ ፕሮግራም ያለ ድምፅ መቆሙ ነበር፤ ፕሮግራሙን ያቆመውም እሽቅድምድም ነበር፤ ሁለት ሂደቶች በአንድ ጊዜ ወደ አንድ የጋራ መዝገብ ጻፉ። ባለሙያዎቹ ስሕተቱን ዳግመኛ ያስነሡት ጫና በማብዛት ብቻ አልነበረም፤ በፕሮግራሙ ውስጥ ሆን ብለው መዘግየት እያስገቡ ቀዳዳውን በማስፋት ጭምር ነው። ማዘግየት እንግዲህ ሁልጊዜ ጠላት አይደለም። መርማሪው ራሱ በሚያመጣው መዘግየት ላይ ሁለት ሦስት የታሰቡ ማቆሚያዎች ቢጨመሩ፣ አራቱ ክሮች ከመቶ ግፊያ የበለጠ ሊያወጡ ይችላሉ።

በእኛ በተማሪዎቹ ዘንድ ነገሩ ከዚህም ጠባብ ነው። 4 ጊጋባይት ሜሞሪ ባለው ኮምፒዩተር የሚሠራ ተማሪ ፈተናው 3.4 እጥፍ ሲያብጥበት ክሩን ሳይቀንስ ሌላ መንገድ የለውም፤ ይህን የሚነቅፍ ሰው መጀመሪያ ኮምፒዩተር ይግዛለት። የምጠይቀው፣ የተቀነሰው ፈተና የራሱ ስም እንዲኖረው ነው፤ በውጤቱም ወረቀት ላይ «በ4 ክር፣ በሜምቼክ ሥር፣ 25 ጊዜ ተደጋግሞ አልፏል» ተብሎ ይጻፍ። ከቁጥሩ አጠገብም ምክንያቱ ይኑር፤ ተራ ነው? ማግለያ ነው? ሜሞሪ ነው? ወይስ በ2022 የተነሣ ወሰን? ደግሞም መቶውን ክር በመርማሪው ሥር የሚያስኬድ ረጅሙ ፈተና ጨርሶ አይጥፋ፤ በየቀኑ ባይቻል ማንም ኮምፒዩተሩን በማይፈልግበት በቅዳሜ ሌሊት ይሩጥ። ስምንት ደቂቃ ቀርቶ ስምንት ሰዓት ቢፈጅ የሚጠብቀው ሰው የለም፤ ሰኞ ጠዋት የሚነበብ አንድ ገጽ ብቻ ነው።